ከጣሪያችን ላይ ስለተፈለገው መስታወት

ሰይፌ፣ ለአለቃህ ልጽፍላቸው ነው፤ እንዳትቆጣኝ። አክብራቸው ትለኝ ስለነበር፣ ከዚህ በታች እንደምታየው በጣም አከብራቸዋለሁ።

ለተከበሩ ዶክተር ደሳለ፣ የምርምር ማዕከሉ የበላይ ኃላፊ፤
አዲስ አበባ

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ከእርጥበት ተጠብቀው ለሚኖሩት መሣሪያዎችዎ ሰላምታዬ ይድረስ። እኛ በላሊበላ ደህና ነን፤ ታላቅ ወንድሜን ሰይፈ ሥላሴን ከቀበርን ወዲህ ቤቱ ሰፍቶናል። ማዕከሉ የላከልን ደብዳቤ ደርሶናል። ወንድሜ ለልደት በዓል መጥቶ ጣሪያችን ላይ ለሙከራ ያስቀመጠው፣ ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ፣ ፔሮቭስካይት የሚባል ንጥረ ነገር የተቀባ መስታወት የማዕከሉ ንብረት ስለሆነ በአስቸኳይ እንድንመልስ ያዛል። በመጨረሻው መስመር ሐዘናችሁም ተገልጿል፤ ቦታ ስለተረፈለት እናመሰግናለን።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ድፍረት ሆኖ ካልተቆጠረብኝ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት ጥቂት ቅሬታዎች ላቅርብ።

፩. ወንድሜን ለብዙ ዓመት ስለተዋሱን አመሰግናለሁ። ለበዓል ሲመልሱልን እንኳ ሐሳቡን እናንተው ዘንድ እያስቀሩ ነበር። እራት ላይ ስለ ፔሮቭስካይት፣ እንደ ቀለም ስለሚቀቡ ኦርጋኒክ ሰሚኮንዳክተሮችም ያወራ ነበር። እናታችን ወይዘሮ ባንችይርጋ «ይቺ ፔሮቭስካይት የማን ልጅ ናት? ሽማግሌ እንላክላት እንዴ?» ስትለው ቤቱ ሁሉ ይስቅ ነበር። እኔ አልስቅም ነበር፤ ስለ እኔ እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅምና።

፪. በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟቹ ልብስና ዕቃ ከፍ ተደርጎ እየታየ ይለቀሳል። የሰይፌ ነጭ ጋዋን ግን እናንተ ዘንድ ስለነበር፣ እናቴ የትምህርት ቤት ሹራቡን ይዛ አለቀሰች፤ እሱንም እኔ ስለብሰው ክርኑ ተቀዶ ነበር። ጋዋኑን ተኩሳችሁ፣ በመስታወት ውስጥ አድርጋችሁ፣ «የቤተሰባችን አባል» ብላችሁ ግድግዳችሁ ላይ እንደሰቀላችሁት በፎቶ አየን። እጅግ ያምራል። የየትኛው ቤተሰብ አባል እንደሆነ ቢብራራልን ደስ ባለን።

፫. በበዓሉ ማግሥት ለአስቸኳይ ሙከራ በስልክ ስለጠሩት በድጋሚ አመሰግናለሁ። አውቶቡሱ የተገለበጠው ወደ እናንተ ሲመጣ ነው። ሲሞት እንኳ ፊቱ ወደ እናንተ ነበር።

ስለ መስታወቱ ደግሞ እውነቱን ላስረዳ። ሁለት ነበሩ። አንዱን እናቴ ሥራው እንዲባረክለት ብላ በላዩ የነበረውን ክዳን ከፍታ ጠበል ረጨችበት። ጥቁር ቡናማው ቀለም እያየነው ቢጫ ሆነ፤ ፔሮቭስካይትን እርጥበት እንደሚገድለው ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ሰይፌ «እማዬ፣ ሰይጣን ያለበት መስሎሽ ነው?» ብሎ እስኪያነባ ሳቀ። ሁለተኛውን ለእኔ ሰጠኝ፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ፀሐይ እንዳዞረው፣ ቮልቱንም እንድለካለት። እናንተ ሥራውን፣ ጋዋኑን፣ ሐሳቡን ወሰዳችሁ፤ እሱ ራሱ በእጁ ለእኔ የሰጠኝ ይህንን ብቻ ነው።

ስለዚህ መስታወቱን አልልክም። ጋዋኑ ለተዝካሩ ለእናቴ ይድረስላት።

ወንድሜን ከእኔ ይልቅ ቀንና ሌሊት ያዩት ታላቅ ሰው ሆይ፣ ከፍ ባለ አክብሮትና ከዚያም ከፍ ባለ ቅናት እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የአብስራ፣
የሰይፈ ሥላሴ ወንድም (በሥጋ ብቻ፤ የማዕከሉ ባልደረባ ስላልሆንሁ ይቅርታ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ መስታወቱ በጥንቃቄ መያዙን በደብዳቤው ስለጠየቃችሁ ላሳውቅ። ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ወላጆቼም ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ሄደው፣ ብቻዬን በነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ቆርቆሮው ላይ ወጣሁ። ለእናንተ ከሚሆን ይሙት ብዬ ክዳኑን ከፈትሁና አፌን አስጠግቼ ተነፈስሁበት፤ እስኪያልበው ድረስ ተነፈስሁበት። ጠርዙ ቢጫ ማለት ጀመረ። ደነገጥሁ። ክዳኑን ዘግቼ ወደ ፀሐይ አዞርሁት፤ ጥላዬም እንዳያርፍበት ወደ ጎን ሆኜ እስኪደርቅ ቆምሁለት።