ሰኞ ሰኞ የሚለቀኝ ሳል

ማክሰኞ፣ ጥር 6
ዛሬም ማስነጠስ። ጥር ነውና ቡራዩ ሁሉ የሚዳር ይመስላል፤ ሚዜዎቹ ተሰልፈው ዋሉ። እያንዳንዷ ፀጉሯን ማስነጣት ትፈልጋለች። ፀጉር የሚያነጣውን የብሊች ዱቄት ገና ስበጠብጥ ዓይኔ አለቀሰ። የሳሎኑ ባለቤት እትዬ አልማዝ ጉንፋን ነው፣ ዝንጅብል ጠጪ አሉኝ። እሺ አልኩ። ጉንፋን እንዲህ ይቆያል እንዴ፣ ማስታወሻዬ?

ዓርብ፣ ጥር 9
ሳል ተጨመረ። ስተነፍስ ደረቴ ሲር ሲር ይላል። ሹሩባ ሠሪዋ ጫልቱ ሥራዋን አቁማ አየችኝ። ሰኞ ቤትሽ ስመጣ አንዴም አላሳለሽም አለች። ሰኞ ሳሎኑ ዝግ ነው። ሳቅኩባት።

ማክሰኞ፣ ጥር 13
ጥምቀትን ሱሉልታ፣ እህቴ ጋ። ትናንትም እዚያው ዋልኩ። በዚያ ብርድ ዳገት ስወጣ እንኳ አላሳለኝም። ዛሬ ዱቄቱን ስከፍት ወዲያው ጀመረኝ። ጫልቱ ልክ ናት። ነገ ክሊኒክ።

ረቡዕ፣ ጥር 14፣ ከጠዋቱ 4:00
ዶ/ሯ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሥራዬን ነው። ቀጥላ የዕረፍት ቀኔን። የትንፋሼን ኃይል በቁጥር የሚለካ፣ የምነፋበት ትንሽ ቱቦ ሰጠችኝ። ጠዋትና ማታ መንፋት፣ ቁጥሩን መጻፍ፣ በሥራም በዕረፍትም ቀን።

ሐሙስ፣ ጥር 29
ቁጥሩ በሥራ ቀን ይወርዳል፣ ሳርፍ ይወጣል። የዱቄቱ አለርጂ ነው አለች ዶ/ሯ። በጊዜ መጥተሻል፣ አሁኑኑ ከራቅሽው ሊለቅሽ ይችላል፣ ከቀጠልሽ ግን አስም ሆኖ ሊቀር ይችላል። ጭምብል ብቻውን አይበቃም። ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ። እኔ ግን የሰለጠንኩት በቀለም ነው። ደንበኞቼ የሚመጡት ለዚሁ ነው። ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። አሁን ደህና ነኝ።

ዓርብ፣ ጥር 30
ለእትዬ አልማዝ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። መሳቢያቸውን ከፈቱና በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት አወጡ። ይህን ያህል ጊዜ አብረን ስንሠራ አይቼው አላውቅም።
“እኔንም ብርድ ነው ብለውኝ ነበር” አሉ።
“በዕረፍት ቀን አይሻልዎትም?”
“ድሮ ይሻለኝ ነበር።”
እጃቸውን ያዝኩ። ዶ/ሯ ጋ አብረን እንሂድ አልኳቸው፤ እምቢ አላሉም። ዱቄቱንም ከነቆርቆሮው ራሳቸው አውጥተው በር ላይ አስቀመጡት።

ለነገ የተቀጠሩት ሙሽሮች ጋ ደወልኩ። ብሊች የለም። አንዷ ተቆጥታ ዘጋችብኝ። ሌላዋ እንግዲያው ሹሩባ ይሁን አለች። ጫልቱ ይህን ስትሰማ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ነይ ከኋላዬ ቁሚ፣ ዛሬ አጀማመሩን ታውቂያለሽ አለች። የራሷን ፀጉር ፈታ ሰጠችኝ። ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። እሷ ትስቃለች። ሦስተኛውን ጉንጉን ስይዝ ግን ጣቴ መንገዱን አገኘ፤ ነገ ሙሽራዋን አብረን እንሠራታለን አለችኝ።