አራት አራቴ የጮኸችው ማንቂያ

ጃንዋሪ 9፣ ሐሙስ
ፀሐይ ከጠፋች ሦስተኛ ቀኗ። ጣሪያችን ላይ ያሉት የፀሐይ ኃይል ፓኔሎች ምንም አያመጡም፣ ባትሪው ደክሟል። የመርዝ ጋዝ ማንቂያዋ ደግሞ ባትሪ በደከመ ቁጥር ጢጥ... ጢጥ... እያለች አሳበደችኝ።
ሜርል ገላውን ሲታጠብ ጮኸ። «ኧረ በረዶ ሆነ! ናዲን፣ ጠፋ እንዴ?» ጠፍቷል። ውጭ የሰቀልነውን የውሃ ማሞቂያ ንፋሱ አጥፍቶበታል። ባሌ ሳሙናው ሳይለቅ፣ ፎጣ አገልድሞ፣ በረሃ መሃል ከጋዝ እሳት ጋር ሲታገል... በሳቅ ሞትኩ። «ሳቂ፣ ሳቂ! ተራሽ ሲደርስ እንተያያለን።»

ጃንዋሪ 11፣ ቅዳሜ
ማሞቂያውን አምጥቶ መታጠቢያ ክፍሏ ውስጥ ሰቀለው። «መመሪያው ውጭ ብቻ ይላል እኮ» አልኩት። «የጻፈው ሰውዬ የአሪዞናን ንፋስ አያውቅም» አለኝ። መስኮቱን ትንሽ ከፍተን ታጠብን። ውሃው ግሩም!

ጃንዋሪ 12፣ እሑድ
ሆስፒታል ነኝ።
ጠዋት ሜርል ሊታጠብ ገባ። በርዶት መስኮቱን ዘግቶታል፣ አላወቅኩም። እንቁላል እየጠበስኩ ማንቂያዋ ጮኸች። ያው ባትሪው ነው አልኩ። ራሴንም አሞኛል። ተናድጄ ገመዷን ነቀልኩት።
ውሃው ግን ይፈሳል፣ ይፈሳል... ሜርል እንዲህ አያደርግም። ውሃ በጀሪካን ነው የምናመጣው። ይረጥባል፣ ይዘጋል፣ ሳሙና ይመታል፣ ይከፍታል። «ሜርል? ሜርል!» በሩን ስከፍት ወለሉ ላይ ተዘርሯል።
ጩኸቴን ሰምታ መጥታ ጎትታ ያወጣችው ጎረቤታችን ሎርና ናት። «ማንቂያ የላችሁም እንዴ?»
«ባትሪ ሲደክም እየጮኸች...»
«ለባትሪ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትጮኸው፣ ለጋዝ ግን አራት አራቴ። የቱ ነበር?»
አራት አራቴ ነበር። አምላኬ! አራት አራቴ ነበር!

ጃንዋሪ 15፣ ረቡዕ
ዓይኑን ገለጠ። ስሜን ጠራ።

ፌብሩዋሪ 2፣ እሑድ
ይሄዳል፣ ይበላል፣ ይቀልዳል። አዲስ ነገር ግን አእምሮው አይይዝም። ሐኪሟ «ሊሻለው ይችላል» አለች። ይችላል...
በየቀኑ «ምን ሆኜ ነው?» ይለኛል። እነግረዋለሁ።
«ማንቂያዋስ?»
«እኔ ነኝ የነቀልኳት።»
ዛሬ ልዋሸው ነበር። ማን ያውቅብኛል? አልሆነልኝም። እንደ ትናንቱ ክው አለ። እንደ ትናንቱ እጄን ያዘኝ፣ «አይዞሽ፣ አውቀሽ ነው እንዴ?» አለኝ። አለቀስኩ። ቀለል አለኝ።
ምሳ አቀረብኩ። ገና ሳንጨርስ ሹካውን አስቀመጠና አየኝ።
«ናዲን፣ እኔ ግን ምን ሆኜ ነው?»