ከአዞ ገደል «ወደቀ» ስለተባለው እንግዳዬ

ለተከበሩ አቶ እንድሪያስ፣
የአዞ ገደል መመልከቻ ሥፍራ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ዱላ የያዙት ጥበቃዎችዎ እንደምን ሰነበታችሁ? በተለይ የጥበቃዎችዎን ክንድ ደህንነት አላህ ያሰማኝ፤ ባለፈው ማክሰኞ ብዙ ስለደከመ አሳስቦኛል። እኔ አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያው አጠገብ አልጋ የማከራየው ሐጂራ ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው እንግዳዬ ነውና ስለ እሱ አቤት ልል ነው።

እንግዳዬ ዋንጃላ ይባላል፤ ቦርሳውን አዝሎ አገር ለአገር የሚዞር ኬንያዊ ነው። እንደ እሱው ከሚዞር ዩርገን ከሚባል ጀርመናዊ ጋር የተዋወቁት እኔ ቤት፣ አራት አልጋ ባለው ክፍል ነው። ጀርመኑ ወባ ይዞት ሲንቀጠቀጥ ኬንያዊው ጨርቅ እያራሰ ግንባሩ ላይ ሲያደርግለት ሰነበተ፤ ከዚያ ወዲያ አንዱ ካላንዱ ሻይ እንኳ አይጠጣም። ዩርገን ድኖ ሲነሳ ገደልዎን ሊያዩ አብረው ሄዱ። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ዋጋው። ከልብስ ማስጫዬ ቆሞ በነፃ የሚታየውን ያንኑ ገደል በእርስዎ አጥር በኩል ለማሳየት የሳምንት የአልጋ ኪራይ ስለሚያስከፍሉ አላህ ይስጥልኝ። ለአዞው ተብሎ ለብቻው ተከፍሏል፤ አዞው ግን አልወጣም፤ ምናልባት ዋጋውን ሰምቶ አፍሮ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ስለ አስተዋይነታችሁ። በር ላይ የዋንጃላን ፓስፖርት አገላብጣችሁ በውጭ ዜጋ ዋጋ አስከፈላችሁት። መመልከቻው ጋ ሲደርስ ግን፣ ከፈረንጅ ጎን የሚሄድ ጥቁር ሁሉ ያለ ፈቃድ የሚያስጎበኝ ደላላ ነው በሚለው ልማዳችሁ አበሻ አደረጋችሁት። ለመክፈል የውጭ ሰው፣ ለመደብደብ ያገር ልጅ የሚሆን እንግዳ ስላገኛችሁ እንኳን ደስ አላችሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ድብደባው። ጥበቃዎችዎ በአማርኛ ጠይቀውት ዝም ቢል ናቀን ብለው ጆሮ ግንዱን በዱላ አሉት። ፓስፖርቱን ቢያወጣ ፎርጅድ ነው ብለው ነጠቁት። በቦርሳው ማንገቻ አንቀው ድንጋይ ለድንጋይ ጎተቱት፤ ሁለት ጥርሱ እዚያው ቀረ፤ ግራ ዓይኑንም ዱላው እስኪሰበር ወገሩት። የሚያውቀው አማርኛ እኔ ቁርስ ሳቀርብለት ያስተማርኩት አንድ ቃል ብቻ ነበርና፣ በተመታ ቁጥር «አመሰግናለሁ» ይል ነበር። እያሾፈብን ነው ብለው ጨመሩለት። ወላሂ፣ ይህን የነገረኝ በዓይኑ ያየው ዩርገን ነው።

አራተኛ፣ ስለ እንግዳ አክባሪነታችሁ። ያ ሁሉ ሲሆን ሌሎቹ ጥበቃዎችዎ ዩርገንን ጥላ ሥር ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ትከሻውን ተጭነው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጡት፤ «አይዞህ፣ ከሌባ እያስጣልንህ ነው» አሉት። ውሃውንም አስከፈሉት።

አቤት ልል ሰመራ፣ ክልሉ ቢሮ ድረስ ብሄድ የእርስዎ ሪፖርት ቀድሞኝ ደርሷል፤ አንድ ሕገወጥ አስጎብኚ ከገደል ወድቆ ተጎዳ ይላል። ሐኪሙ ደግሞ ዓይኑ የሚተርፈው ቶሎ ወደ ናይሮቢ ሄዶ ቀዶ ሕክምና ካገኘ ብቻ ነው ብሎናል። ፓስፖርቱ ግን እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ «ወድቄ ነው» ብሎ ካልፈረመ አልሰጥም ብለዋል። እሱም አልፈርምም ብሎ ተኝቷል። ዩርገን የመመለሻውን በረራ አሳልፎ አጠገቡ ተቀምጧል፤ ጨርቅ የማራሱ ተራ አሁን የእሱ ሆኗል።

ክቡር ሆይ፣ ትህትናዬ እዚህ ላይ አለቀ። ፓስፖርቱን ይስጡት። የሰው ዓይን እየጠፋ ነው።

ለገደልዎ ጥልቀትን፣ ለእርስዎ ሰላማዊ እንቅልፍን እየተመኘሁ፣ ያንኑ ገደል በነፃ ከማይበት ልብስ ማስጫዬ ሥር ሆኜ የምጽፍልዎ
አክባሪዎ ሐጂራ

ግልባጭ፦ ለአዞው

ሳልረሳው፦ ዩርገን ጓደኛውን ሲያነሳ የተሰበረውን ዱላ ግማሽ አብሮ አንስቶ ቦርሳው ውስጥ ከትቶት ኖሯል። አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ የመሥሪያ ቤትዎ ስምም በእሳት ተተኩሶበታል። ገደል የራሱ ዱላ እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ይዤው እቀርባለሁ፤ እርስዎም ሌላኛውን ግማሽ ይዘው ቢመጡ ዳኛው ፊት ገጥመን እናየዋለን።