የአያታችን የዶሮ መድኃኒት

ለወንድሜ ለዴልፊን፣ ሴቡ ከተማ

ሰላምታዬ ይህን ደብዳቤ ከሚያመጣልህ የአትክልት መኪና ሾፌር ቀድሞ ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ ዶሮውም ደህና ነው።

ዶሮውን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አያታችን አባባ ኢስኮ ለፍልሚያ ዶሯቸው የገዙትን የትል መድኃኒት «ኮቪድን ድራሹን ያጠፋል» ብለው ራሳቸው መዋጥ ጀምረዋል። መጠኑን ለማወቅ የአሳማው ሚዛን ላይ ወጥተው ተመዘኑ! የጤና ጣቢያዋ ነርስ «አባባ፣ ለዚህ በሽታ መጥቀሙ ገና አልተረጋገጠም፤ የእንስሳው ደግሞ ለሰው አይሆንም» ብትላቸው፣ «ዶሮዬ ኮቪድ ይዞት ያውቃል?» ብለው መለሱላት። ሚስታቸውን እማማ ፔሊሳን ግን ማን ይችላታል? «የትል ማጥፊያ እኮ ነው! አንተን ያጠፋህ ለት ምን እንደነበርክ አገር ያውቃል» አለቻቸው።

ከሰሞኑ ዶሮውን ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ። አባባ የቤታችን ደረጃ ረዘመብኝ ይላሉ፤ ደረጃው ግን ያው የድሮው ነው። ዛሬ ጠዋት «ዶሮዎ እኮ ጫጩት ይፈራል» ብዬ ነካካኋቸው። አንተን በዚህች ቃል ከቤት እንዳባረሩህ ታስታውሳለህ። እኔን ዝም ብለው አዩኝ። እማማም ስድቡን ትታ ጀርባቸውን ስታሽ ዋለች።

የሕክምና ተማሪ አይደለህ? ጣት የሚቆነጥጠውን የኦክስጅን መለኪያ በዚሁ መኪና ላክልኝ። ለዶሮው ነው። ዶሮ ጣት የለውም እንዳትለኝ፤ አለው።

ሾፌሩ ከጎኑ ባዶ ወንበር እንዳለ ነግሮኛል። ዶሮው አንተን በጣም ናፍቋል።

የምትስቅብህ፣ የምትሳሳልህም እህትህ
ሊጋያ