ለእርቅም ብሮሹር?

ሰኞ፣ ኅዳር 1 ቀን 1990

በረዶ። ቀኑን ሙሉ ዳውንታውን የፓርኪንግ ክፍያ የምሰበስብበት ኪዮስክ ውስጥ ተቀምጬ መስኮት ስከፍትና ስዘጋ ዋልኩ። አንዱ ባለ ከረባት የመውጫው በር አልከፈት ብሎት እኔ ላይ ጮኸ። በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ?

ትናንት ሙሉሸዋንና ባሏን አስታረቅኩ። ስንተኛ ጊዜዬ ነው? እሷ ልትናገር ስትል "ቆይ"፣ እሱ ሊናገር ሲል "ቆይ"... እኔው ለሁለቱም ተናገርኩላቸው፣ ተሳሳሙ፣ አለቀ። ካልጋሪ ያለ ሐበሻ ሲጣላ የሚደውለው ለእኔ ነው። እኔ የምኖርበት የገዛ እህቴ ቤት ግን ይኸው...

የሮሚ ነገር። የእህቴ የሸዋወርቅ ልጅ፣ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ። የሃሎዊን ዕለት፣ ልጆች ጭምብል አጥልቀው ከረሜላ ሲለምኑ ቤት ለቤት በሚዞሩበት ምሽት፣ እናቷ "የሰይጣን በዓል ነው፣ አትወጪም" ብትላት በመስኮት ወጣች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር የጎረቤታችንን የሚስስ ዶይልን የነፋስ ወፍጮ ሰባብረው ጣሉት። ሟች ባሏ በእጁ የሠራው፣ ደጃፏ ላይ ለጌጥ ቆሞ ሲሽከረከር የሚውል የእንጨት ወፍጮ። ያበላሿት እነዚያ ጓደኞቿ ናቸው እንጂ ልጅቷስ ጨዋ ነበረች።

አሁን አሮጊቷ ፈቃደኛ ከሆነች በዳይና ተበዳይ ተገናኝተው በሚነጋገሩበት፣ "ኮንፈረንስ" በሚሉት ነገር ያልቃል። ካልሆነች ፍርድ ቤት። ሸዋወርቅ እንቅልፍ የላትም። እኔ አለሁ አልኳት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ከኮንፈረንሱ ሰዎች ብሮሹር መጣ። ለተሳታፊዎች የሚጠቅም መረጃ ነው አሉ። ስለ እርቅ! ለእኔ! ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው።

ምን ይላል? ቀደም ብላችሁ ድረሱ። መኪና ከሕንፃው ኋላ አቁሙ። ደጋፊ ሰው ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ። ሰው ሲናገር አታቋርጡ። ልጁ በራሱ አንደበት ይናገር። ቀለል ያለ መስተንግዶ ይኖራል። መስተንግዶ! ሠርግ ነው እንዴ?

ደግሞ ሁሉም ክብ ሠርቶ ይቀመጣል ይላል። በዳይና ተበዳይ፣ ገና ሳይታረቁ፣ እኩል ወንበር ላይ! የእኛ ሽማግሌ "እሺ" ሳይባል ይቀመጣል? "ግቡ፣ ተቀመጡ" ቢሉት እንኳ ጉዳዬ ካልተሰማልኝ አልቀመጥም ብሎ ቆሞ ነው የሚለምን። አባቶቻችን ዛፍ ሥር ሲጨርሱት የኖሩትን ነገር እነዚህ ትናንት አገኙትና በባለቀለም ወረቀት አተሙት።

አንዱ መስመር ግን በጣም አሳቀኝ። ከቀኑ በፊት ከተበዳዩ ጋር አትገናኙ። ታዲያ እርቁ ከማን ጋር ነው? ከግድግዳ ጋር? ለልጅቷ ይሆናል የጻፉት። ሽማግሌን አይመለከትም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ጓደኞቼ ካሣዬና ፍስሐ አሮጊቷ ደጅ ለሽምግልና አብረውኝ ሊቆሙ እሺ አሉ። ካሣዬ ታክሲውን አቁሞ ይመጣል።

ሮሚን ለኮንፈረንሱ አስጠናኋት። "አንገትሽን ደፍተሽ ትቀመጫለሽ። የአሮጊቷን ዓይን እንዳታዪ። አንዲት ቃል እንዳትመልሺ። የምናገረው እኔ ነኝ።"

"ባት ጋሼ... እኔ ራሴ ቴል የማደርጋት ነገር አለ፣ ላይክ..."

"ዝም አይነቅዝም!" አልኳት። 

እንደ ድሮው ድንጋይ ተሸክማ ትግባ ብል እናቷ ትገድለኛለች። ተውኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ከቅዳሴ መልስ ሄድን። ሦስታችንም ጋቢ ደርበን፣ ኮፍያችንን አውልቀን ሚስስ ዶይል ደጅ ቆምን። አንኳኳሁ። መጋረጃው ተነቃነቀ። አልከፈተችም። ቆምን።

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ፍስሐ "ኧረ እንሂድ፣ ሰው ምን ይለናል?" ይለኛል። ሽማግሌ ደጅ ጠንቶ ሳይሰማ ይመለሳል? ደግሜ አንኳኳሁ። ምንም። መጨረሻ ላይ ካሣዬ ሺፍት ደረሰብኝ ብሎ ተመለስን።

ምን ዓይነት ሴት ናት? በዚህ ብርድ ውሻ እንኳ ቤት በሚገባበት አገር ሽማግሌ ደጅ ይቀራል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጉድ ሆንኩ።

ጃኔት ደወለች። ኮንፈረንሱን የምትመራዋ ሴት ናት። ነጭ የተከናነቡ ሦስት ወንዶች ደጇ ላይ ቆመው አልሄድ ቢሏት አሮጊቷ ሊያስፈራሩኝ መጡ ብላለች። የኋላውን በር ሁሉ ቆልፋ ተቀምጣ ነበር አሉ። ኮንፈረንሱ ሊቀር ነው። ከቀረ ደግሞ...

ሸዋወርቅ ስልኩን ዘግታ ዞረችብኝ። "ማን ላከህ? ላወጣት ነው ብለህ ልጄን ፍርድ ቤት ልትከታት? ማን ላከህ?"

ዕድሜዋን ሁሉ አንቱ ስትለኝ የኖረች እህቴ ዛሬ አንተ አለችኝ።

ሮሚ ብሮሹሩን አምጥታ ያንን የሳቅኩበትን መስመር በጣቷ አሳየችኝ።  ምነው በተሳደበች...

እኔ አስፈራሪ? ሰው ሳስታርቅ የኖርኩ ሰውዬ? ጋቢ ምኑ ያስፈራል? ...ብቻዋን ለምትኖር አሮጊት? እንጃ። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጃኔት አነጋግራት አሮጊቷ እሺ አለች፣ ይደረግ። "ረጅሙ ሰውዬም ይምጣ፣ ግን ካልተጠየቀ አይናገርም" ብላለች። እኔን ነው። እኔን!

ሸዋወርቅ እስካሁን አታናግረኝም። ሳህኑን አስቀምጣልኝ ትሄዳለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ቀደም ብለን ደረስን። መኪናውን ከኋላ አቆምን። ብሮሹሩ ያለው ሁሉ ልክ ነበር፣ ያናድዳል። መስተንግዶውም ነበረ፣ ብስኩት። ጾም በገባ በማግሥቱ በቅቤ ያበደ ብስኩት።

ወንበሩ ክብ። ቆሜ ቀረሁ። ጃኔት "ፕሊስ" አለችኝ። ሸዋወርቅ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሚስስ ዶይል ትንሽዬ ሴት ናት።  ባሏ ወፍጮውን የሠራው ታሞ ከቤት መውጣት ባቃተው ክረምት ነው አለች። በመስኮት የሚያየው የሚንቀሳቀስ ነገር ፈልጎ። ከዚያ ሮሚን "ለምን?" አለቻት።

ሮሚ አንገቷን ደፋች። ዓይኗን አላየችም። አንዲት ቃል አልመለሰችም። ልክ እንዳስጠናኋት።

"እዪኝ እንጂ" አለቻት አሮጊቷ። "ምንም አልመሰላትም" ብላ ወደ ጃኔት ዞረች። ቦርሳዋን አነሳች። ልትሄድ ነው! ሸዋወርቅ ከንፈሯን ነክሳ ታለቅሳለች። እኔ ያን ሁሉ ቀን በእንግሊዝኛ ያጠናሁት ንግግር አለኝ። ብናገር ኮንፈረንሱ ይፈርሳል። ባልናገር ልጅቷ አትናገርም፣ አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ጎንበስ ብዬ በአማርኛ "ሮሚ፣ ቀና በይ፣ ተናገሪ" አልኳት። ሌላ ምንም አላልኩም።

ቀና አለች። በእንግሊዝኛ ነው የተናገረችው፣ ግን ሁሉም ገብቶኛል። በየዓመቱ በሃሎዊን ምሽት መብራት የምናጠፋ፣ ለልጆች በር የማንከፍት እኛ ብቻ ነን። ጓደኞቿ የእናንተ ቤት ያስፈራል እያሉ ይስቁባት ነበር። እንደማትፈራ ልታሳያቸው ፈለገች። "መጀመሪያ የረገጥኩት እኔ ነኝ። እነሱ ተዪ ብለውኛል" አለች።

እኛ ደግሞ ይህን ሁሉ ቀን ጓደኞቿን ስንረግም... ማን ጠየቃት? ማንም።

ሚስስ ዶይል ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ በጣቷ ወደ እኔ እያመለከተች "እነሱስ ደጄ ላይ ያለ ኮፍያ ለምን ቆሙ?" አለች። አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ወደ ሮሚ አየሁ።

"ሶሪ ማለታቸው ነው" አለች ሮሚ። "እኛ ጋ እንደዚያ ነው። እሺ እስኪባሉ አይቀመጡም።"

"እስከ መቼ ሊቆሙ ነበር?"

"ጋሼ ካሣዬ ሺፍት ነበረው።"

አሮጊቷ ሳቀች። በእኔም በሽምግልናችንም ተሳቀ፣ ተመስገን ነው።

ስምምነቱ፦ ሮሚ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደች ወፍጮውን አብራት ትሠራለች። "ረጅሙም ይምጣ፣ እንጨት የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል" አለች አሮጊቷ። ፈረመች። ይቅር ብያለሁ ግን አላለችም። ጉልበት የሳመ የለም፣ የመረቀ የለም። እርቅ ነው ይሄ?

ቤት ስንደርስ ሸዋወርቅ "ሻይ ላፍላልዎት?" አለችኝ። ላፍላልዎት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ሙሉሸዋና ባሏ ሐሙስ ዕለት እንደገና። ሄድኩ። "ቆይ" ልላት ቃሏ ከአፌ ልትወጣ ስትል ዋጥኳት። ተናገረች፣ ተናገረች... እሱም ተናገረ። ለካ እስከ ዛሬ ሳስታርቃቸው የኖርኩት በሌላ ጠብ ነው! ጉዴ ነው። ይህን ለፍስሐ እንኳ አልነግረውም፣ ይስቅብኛል።

ዛሬ ከሮሚ ጋር ሚስስ ዶይል ቤት ሄድን። ደጁ ላይ ስደርስ እጄ ከልማዱ ኮፍያዬን አወለቀ። ሳላንኳኳ ከፈተችው።

ጋራዡ ውስጥ ሮሚ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ሁለቱ ይንሾካሾካሉ። እኔ እንጨት ይዤ እቆማለሁ። ምስማሩ ጠሟል ብል ሮሚ "ጋሼ፣ ፕሊስ፣ ዝም አይነቅዝም" አለችኝ። ባለጌ። እውነትም ግን ጠሞ ነበር።

ሦስተኛውን ክንፍ ስንገጥም ሚስስ ዶይል በጣቷ ገፋ አደረገችው። ዞረ። ቆማ አየችው። ከዚያ ጥግ ሄዳ አንድ አሮጌ ወንበር እየጎተተች አመጣች፣ መከዳው ያለቀ። የባሏ ነው፤ ሮሚ እንድትቀመጥበት እንኳ ፈቅዳ አታውቅም። እኔ አጠገብ አደረገችውና "ሲት" አለችኝ።

ሮሚን አየሁ። ሮሚም አየችኝ። ገብቷታል።

ተቀመጥኩ።