የማይቆጠሩት ሦስት ወራት

ለተከበሩ የልብ ሕክምና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ልብዎ እንደምን ሰንብቷል? ምቱን ጠብቆ ይመታል? የአባቴ ስለማይጠብቅ ነው መጠየቄ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል የተሰናበትኩ ስለሆንኩ (ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ) የፊደል ስህተት ቢያገኙ እንዳላዩ ይለፉት፤ ክፍልዎ እንደሚችልበት አይቻለሁ።

አንደኛ፦ ባለፈው ወር በአባዬ ጭን ደም ሥር በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብታችሁ፣ ምቱን የሚያዛባውን የልቡን ቦታ በሙቀት ተኩሳችሁ፣ «ሕክምናው ተሳክቷል» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጥታችሁ ስለሸኛችሁን እናመሰግናለን። ማኅተሙ በጣም ያምራል። እማዬ በመስታወት ፍሬም አስገብታ ሳሎን ሰቅላዋለች።

ሁለተኛ፦ ወረቀቱ በተሰቀለ በስምንተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ፀጉር አስተካካዩ አባቴ የአንድ ደንበኛ ጺም ግማሹን እንደላጨ ልቡ እንደገና ይደናበር ጀመር። ምላጩን አስቀምጦ፣ ደንበኛውን ከወንበሩ አስነስቶ ራሱ ተቀመጠበት። ሰውዬው ግማሽ ፊቱ ላይ አረፋ እንደያዘ በፎጣ ያራግብለት ነበር። ሥልጠና ስለሌለው ከክፍልዎ ጋር እንዳያወዳድሩት አደራ።

ሦስተኛ፦ ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው ሲስተር ድምፄን አወቀችው። እዚህ ላይ ጥፋቴን አልክድም፤ አባዬ እናንተ ጋ ተኝቶ ሳለ አልጋው ላይ «ተጠንቀቁ፣ ይናከሳል» የሚል ወረቀት የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ «ሕመሙ ተመለሰበት» ብላት፣ «አንተ ልጅ፣ እባክህ ሥራ ላይ ነን» ብላ ዘጋችብኝ። ሦስት ጊዜ። ለትጋቷ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

አራተኛ፦ አባዬም ሕክምናው ከሽፏል፣ ቀኔ ደርሷል ብሎ ቆረጠ። ሃያ ዓመት ማንም እንዲነካው ያልፈቀደውን ጥሩውን መቀስ ከመንገዱ ማዶ ላለው ባላንጣው ላከለት። እኔን ጠርቶ «ያደረግከውንም ያላደረግከውንም ይቅር ብዬሃለሁ» አለኝ። እኔም በዚህ ሰዓት አይዋሽም ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ የጠፋውን ሬዲዮ ፈታትቼ መግጠም እንዳቃተኝ፣ እንቅልፌን ልጨርስ ብዬ ሱቁ በር ላይ «በሐዘን ምክንያት ዝግ ነው» ብዬ እንደለጠፍኩ፣ ሌላም ሌላም። ከዚያ ደረቱ ላይ ጆሮዬን አስደግፌ አለቀስኩ። ይሄኛው ቀልድ አይደለም።

አምስተኛ፦ በማግስቱ ይዘነው ስንመጣ ወጣቱ ሐኪምዎ ምቱን በማሽን አይቶ፣ መድኃኒቱን አስተካክሎ፣ የተተኮሰው ቦታ እስኪሽር በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሕመሙ ቢመለስ የተለመደ መሆኑን፣ እናንተም ዘንድ እንደ ክሽፈት እንደማይቆጠር ፈገግ ብሎ ነገረን። ይህን ለመናገር የፈጀበት ጊዜ አባዬ አንድ ጆሮ ዙሪያ ለማስተካከል ከሚፈጅበት ያንሳል። ደንቡ ጥሩ ደንብ ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ያልተነገረው የልቡ ባለቤት ብቻ ነው።

ስለሆነም ከማኅተሙ በታች «ሕመሙ ሊመለስ ይችላል፤ ከተመለሰ ደውሉ፣ እንሰማችኋለን» የሚል አንድ መስመር እንዲጨመርልን፣ ስልኩንም የማያውቀኝ ሰው እንዲያነሳው በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ጸሐፊ ከጠፋ እኔው በእጄ እየጻፍኩ እለጥፋለሁ።

አባዬ ዛሬ ደህና ነው። ባላንጣውን «መቀሱን መልስልኝ» ለማለት አፍሮ በደነዘዘው እየቆረጠ ነው። ለእኔ የሰጠውን ይቅርታ ግን፣ በተሳሳተ መረጃ የተሰጠ ነው ብሎ ሰርዞታል። ከተናዘዝኩት አንዱንም አልረሳልኝም።

ከማይዛነፍ አክብሮት ጋር፣
አንድ ጆሮውን ስልኩ ላይ፣ ሌላውን አባቱ ደረት ላይ ያደረገው፣
ይቅርታው የተሰረዘበት የፀጉር አስተካካዩ ልጅ

ማስታወሻ፦ በሦስቱ ወራት ውስጥ የሚቀርብ ቅሬታም እንደማይቆጠር ይገባኛል። ስለዚህ በዘጠና አንደኛው ቀን ይህንኑ ደብዳቤ በመስታወት ፍሬም አስገብቼ ቢሮዎ በር ላይ እሰቅለዋለሁ። ከጎኑ የምለጥፈውን ወረቀት ሲስተር ታውቀዋለች።