የተሰረዘችው መስመር

ለወዳጄ ለጸጉር አስተካካዩ፣

ደህና ነህ ወይ፣ አንተ ክርክር የማይሰለችህ? የእህቴን ልጅ ታስታውሳታለህ፤ ሶኬት እየፈታታች ቤቱን የምታጨልምብንን። ዛሬ ወንዝ ዳር የራሷ ኃይል ማመንጫ አላት! አንዱ ተርባይን ይሽከረከራል። የሁለተኛው መሠረት ግን ተሠርቶ ሦስት ዓመት ባዶውን ቆሟል። መንግሥት ኤሌክትሪኩን የሚገዛበትን ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋውጠው ባንኩ ለማበደር ፈራ።

ትናንት አንድ የመንግሥት ሰው አዲስ ውል ይዞ ማሽኑ ክፍል ድረስ መጣ። ዋጋው ጥሩ ነው። እኔማ «ፈርሚ እንጂ!» ብዬ በክርኔ ጎሸም አደረግኳት። እሷ ግን አንዲት መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች፦ «መንግሥት ዋጋውን እንደ አስፈላጊነቱ ሊያሻሽል ይችላል።»

«ይቺን ይሰርዙልኝ፤ እኔም ከዋጋው አንድ አሥረኛውን እቀንሳለሁ» አለችው።

«እህቴ፣ ሰው ጨምሩልኝ ይላል እንጂ!» አለ ሰውዬው።

«ዝቅ ይበል ግድ የለም፤ ብቻ ሃያ ዓመት አይነቃነቅ።»

ሰውዬው አለቃው ጋ ደወለ፣ ላቡን ጠረገ፣ መስመሯን ሰርዞ ፈረመ። እሷም ፈረመችና እዚያው ቆማ ባንኩ ጋ ደወለች። ሁለተኛው ተርባይን ሊታዘዝ ነው!

እኔና አንተ «መንግሥት እጁን ያስገባ፣ እጁን ያውጣ» እያልን ስንከራከር የስንቱን ጺም አበላሸህ! ይቺ ልጅ ግን እጁን እንዳያወዛውዝ ብቻ ጠየቀችው።

ፖስትካርዱ ሞላ። ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፣ ልጆቹን ሳምልኝ። አጎቷ መሆኔን እዚህ ላለው ሠራተኛ ሁሉ ሳልጠየቅ ተናግሬ ጨርሻለሁ፤ ያልነገርኩት ለወንዙ ብቻ ነው።